«ሳቦ»፦ የእንጨት ጫማና የክስ ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የማይል ሰው የለም። ስሙ ግን «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣና ትርጉሙም «ባቡር ጣቢያው» መሆኑን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ቃል ከአገሩ ሲወጣ ታሪኩን ከኋላው ይተዋል። ዛሬም ከዚያው ቋንቋ ሌላ ቃል እንመርምር።

«ሳቦ» ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ ጫማ ነው። ዋጋው ከቆዳ ጫማ ስለሚረክስ የፈረንሳይ ገበሬ ጭቃና ብርድ ይከላከልበት ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ቃሉ «ሳቫት» (ያረጀ ጫማ) እና «ቦት» ከሚሉት ቃላት የተዳቀለ ነው፤ እኛ «ቦት ጫማ» የምንለውም የኋለኛው ዘመድ ነው። የፈረስ ሰኮናም ሳቦ ይባላል፤ የባቡር ጎማ ላይ ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ጫማም እንዲሁ።

የእንጨት ጫማ ከባድ ነው፤ ሲረግጡትም ይንኳኳል። ስለዚህ ፈረንሳዮች ሥራ የማይሆንለትን ሰው «እንደ ሳቦ ይሠራል» ይሉታል። «ሳቦቴ» የሚለው ግስም መጀመሪያ በሳቦ መንኳኳት፣ ኋላም ሥራን ማበላሸት ማለት ሆነ። «ሳቦታዥ» የተወለደው ከዚህ ግስ ነው።

ብዙዎቻችን የሰማነው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሠራተኞች ተቈጥተው ጫማቸውን በፋብሪካው መኪና ውስጥ ወረወሩ የሚለው ነው። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በማስረጃ የምናውቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በቱሉዝ የተሰበሰበው የፈረንሳይ ሠራተኞች ማኅበራት ጉባኤ፣ በኤሚል ፑዤ ገፋፊነት ሳቦታዥን እንደ ትግል ዘዴ መቀበሉን ነው። አሳቡም የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሠራተኞችን አርአያ የተከተለ ነበር፤ ደመወዙ ዝቅ ካለ ሥራውም ዝቅ ይበል የሚል ነው። እንግዲህ ማዝገምም ሳቦታዥ ነበር ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህን አሳብ «አሻጥር» እንለዋለን። በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) «የኢኮኖሚ አሻጥር» ሰው የሚታሰርበት ክስ ነበር። የገበሬው ጫማ በመጀመሪያ የስንፍና ስም፣ ቀጥሎ የሠራተኛ መሣሪያ፣ በመጨረሻም ወንጀል ሆነ ማለት ነው።

የተወረወረውን ጫማ ታሪክ ስንቶቻችን ሳንጠይቅ ተቀብለናል! በታሪክ ላይ እንዲህ መሳሳት ጕዳቱ ጥቂት ነው። ባልንጀራችንን «አሻጥረኛ» ስንል ግን ያው ችኮላ ሰው ይጐዳል። ስለዚህ ቃሉ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት «ማስረጃው የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።