ገናና እንስራ

በላሊበላ አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር የ43 ቀን ጾም ተፈጽሞ ገና ደረሰ። በዚያ አገር ታኅሣሥ 29 ቀን ድርብ በዓል ነው፤ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት አብረው ይከበራሉና። ሕዝቡም ወደ ቤተ ማርያም ይወጣል፤ ካህናቱ ከዐለቱ አፋፍና ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ሲዘምሩ ይሰማል።

በአንድ ቤት ግን እናቲቱ ወሯ ገብቶ ነበርና ከቤት ቀረች። ከዚህ ቀደም አንድ ሕፃን ሞቶባት ነበርና አያቲቱ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ከልክላታለች።

ከቀትር በኋላ እንግዶች በመጡ ጊዜ ውኃ አልቆ ተገኘ። እናቲቱ እንስራውን ልታነሣ ጎንበስ አለች። የዐሥር ዓመት ልጅዋ ይህን አይቶ ከወይራ የጠረበውን የገና ዱላ አስቀመጠና እንስራውን አዝሎ ወጣ። ባልንጀሮቹ ከሜዳው አይተውት «እንደ ሴት ልጅ ውኃ ቀጂ ሆንህን?» ብለው ሳቁበት። እርሱም አፈረ፤ ነገር ግን አልተመለሰም። ሙሉ እንስራ ይዞ ዳገት መውጣት ቀላል አይደለምና በመንገድ ሦስት ጊዜ ዐረፈ።

ሲመለስ ጨዋታው ተፈጽሞ ልጆቹ ተበትነው ነበር። እናቱም እጁን ይዛ በሆድዋ ላይ አኖረችና «ዝም ብለህ ስማ፤ ይህም በውስጥ ሆኖ ገና ይጫወታል» አለችው። ልጁም እጁን ሳያነሣ ብዙ ቆየ።