መድኃኒቱ መቼ ተሰጠ? ከብግነት ጋር የተያያዘ የትልቁ አንጀት ካንሰርን በአይጥ ላይ የሚፈትሹ ጥናቶች አነዳደፍ

መግቢያ

የትልቁ አንጀት ብግነት ለዓመታት ሲመላለስ ለካንሰር መንገድ እንደሚጠርግ ከታወቀ ቆይቷል። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በተሰኘው ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ትንተና፣ የካንሰር ሥጋቱ ሕመሙ ከጀመረ በ10 ዓመት 2 በመቶ፣ በ20 ዓመት 8 በመቶ፣ በ30 ዓመት ደግሞ 18 በመቶ እንደሚደርስ ገምቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ግምቶች ዝቅ ያሉ ናቸው። ሆኖም ሕሙማኑ ለረጅም ዓመታት በየጊዜው በኮሎኖስኮፒ መመርመር ይኖርባቸዋል፤ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ሲገኝም ትልቁ አንጀት በቀዶ ሕክምና እስከ መወገድ ሊደርስ ይችላል። ሥጋቱን የሚቀንስ መድኃኒት የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕጩ መድኃኒቶች በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚፈተሹት በአይጥ ላይ ነው። የጥናቶቹ ማጠቃለያም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ መድኃኒቱን በወሰዱት አይጦች ላይ የዕጢዎች ቁጥር ቀንሷል። ይህ ውጤት ግን መድኃኒቱ በየትኛው የሙከራው ምዕራፍ እንደተሰጠ ካልተገለጸ ትርጉሙ አይታወቅም። አንድ ንጥረ ነገር ካንሰርን ሳይነካ የዕጢን ቁጥር ሊቀንስ የሚችልባቸው መንገዶች አሉና።

የሙከራው ሞዴል

በስፋት የሚሠራበት ሞዴል ሁለት ኬሚካሎችን ያጣምራል። የመጀመሪያው አዞክሲሜቴን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 10 ሚሊ ግራም ተሰልቶ አንድ ጊዜ በሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ሁለተኛው ዴክስትራን ሶዲየም ሰልፌት ነው። ይህ ኬሚካል በመጠጥ ውኃ ተበጥብጦ ሲሰጥ የአንጀቱን ውስጠኛ ልባስ በመጉዳት ብግነት ያስነሣል። ለኮላይቲስ ጥናት ማገልገሉ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ታናካና የሥራ ባልደረቦቻቸው በጃፓን ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ መርፌ አዞክሲሜቴንና ከሳምንት በኋላ ለ7 ቀናት የተሰጠ 2 በመቶ የዴክስትራን ሶዲየም ሰልፌት ውኃ በ20 ሳምንት ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንደሚያስከትል አሳይተዋል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የአንድ ሳምንቱን ዙር በመካከሉ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እየሰጡ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል።

አዞክሲሜቴን በራሱ ዲ.ኤን.ኤን አይጎዳም። በቅድሚያ በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ኢ1 በተባለው ኢንዛይም ወደ ሜቲልአዞክሲሜታኖል መለወጥ አለበት። ከዚህ የሚወጣው ቅንጣት በዲ.ኤን.ኤ ላይ ያለውን ጉዋኒን ይለውጣል፤ የጂን ስሕተትም ያስከትላል። ቀጥሎ የሚመጣው ብግነት ስሕተቱን የተሸከሙት ሕዋሳት እንዲባዙ ይገፋል። በመጨረሻም ዕጢዎቹ፣ በተለይ በትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል፣ ይበቅላሉ።

ሦስት ጊዜያት፣ ሦስት ጥያቄዎች

ከዚህ አሠራር እንደሚታየው ሙከራው ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ የተሰጠ መድኃኒትም የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው።

የመጀመሪያው ከአዞክሲሜቴን መርፌ በፊትና በመርፌው ሰሞን ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የተሰጠ ንጥረ ነገር የጉበቱን ኢንዛይም ካገደ መርዙ መርዝ ሳይሆን ይቀራል፤ ዕጢም አይበቅልም። ለአልኮል ሱሰኝነት ሕክምና የሚያገለግለው ዳይሰልፊራም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረጉ ሙከራዎች የአዞክሲሜቴን የኬሚካል ዘመድ የሆነው ዳይሜቲልሃይድራዚን የሚያመጣውን የአንጀት ዕጢ ሲያስቀር ታይቷል። ምክንያቱ መድኃኒቱ የካንሰር አምጪውን ኬሚካል መለወጥ ማገዱ ነበር። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኘው ዳይአሊል ሰልፋይድም በአይጥ ላይ ተመሳሳይ የመከላከል ውጤት አሳይቷል፤ እርሱም የሲዋይፒ2ኢ1 አጋች ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ያለበት ሰው ግን አዞክሲሜቴን አልተወጋም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተገኘ ውጤት ለሕመምተኛው የሚያመጣው ተስፋ የለም።

ሁለተኛው የብግነቱ ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የተሰጠ መድኃኒት የዕጢን ቁጥር ከቀነሰ፣ ካንሰሩን የተከላከለው ብግነቱን በማብረድ ሊሆን ይችላል። ይህ ጠቃሚ ግኝት ነው፤ ሆኖም ፀረ ካንሰር ከመባል ይልቅ ፀረ ብግነት መባል ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የውኃው ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በዚያው ውኃ ተበጥብጦ ጣዕሙን ካመረረው፣ አይጦቹ የሚጠጡት ይቀንሳል፤ የሚደርሳቸው ዴክስትራን ሶዲየም ሰልፌትም አብሮ ያንሳል። የውኃ ፍጆታው በየቀኑ ካልተለካ፣ የመድኃኒት ውጤት የተባለው የጥማት ውጤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ብግነቱ ካበቃና ዕጢዎች መብቀል ከጀመሩ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሕክምናን በእውነት የሚፈትሸው ይህ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ኢታነርሴፕት የተባለውን የቲኤንኤፍ አልፋ አጋች ለአይጦቹ የሰጠው ሁለቱ ኬሚካሎች ከተሰጡ በኋላ ነበር። የዕጢዎቹ ቁጥርም መጠንም ቀንሷል። መድኃኒቱ ኬሚካሎቹ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ የገባ በመሆኑ፣ ውጤቱን በኢንዛይም መታገድ ወይም በውኃ መቀነስ ማሳበብ አይቻልም።

ብግነትና ዕጢ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም

የብግነት መብረድ ብቻውን የካንሰር መቀነስ ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ግሬተንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ አይኬኬ ቤታ የተባለው ብግነትን የሚቆጣጠር ኢንዛይም ከአንጀት ልባስ ሕዋሳት ብቻ ሲወገድ የዕጢዎች ቁጥር በ80 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ብግነቱ ግን አልቀነሰም። ይኸው ኢንዛይም ማይሎይድ ከሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ሲወገድ ደግሞ የዕጢዎቹ መጠን አንሷል። የዕጢ መወለድና የዕጢ ማደግ በተለያዩ ሕዋሳት የሚመሩ ሂደቶች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የዕጢ ቁጥርና የዕጢ መጠን ለየብቻ ሊለኩና ለየብቻ ሊተረጎሙ ይገባል።

የማነጻጸሪያና የልኬት ጉዳዮች

አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ይበላሉ፤ በአንድ ጎጆ የሚኖሩትም የአንጀት ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል። ባክቴሪያዎቹ በብግነቱ ክብደት ላይ ተጽዕኖ አላቸው። መድኃኒት የሚወስዱት ሁሉ በአንድ ጎጆ፣ ማነጻጸሪያዎቹ በሌላ ጎጆ ከተቀመጡ የመድኃኒቱንና የጎጆውን ውጤት መለየት አይቻልም። ምደባው በዕጣ ሆኖ እያንዳንዱ ቡድን በበርካታ ጎጆዎች መሰራጨት አለበት። በአንድ አይጥ አንጀት የተገኙ አሥር ዕጢዎችም አሥር ነጻ መረጃዎች አይደሉም፤ የስሌቱ መሠረት አይጡ ነው። ዕጢ የሚቆጥረውና በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ናሙናው የየትኛው ቡድን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። የአይጡ ዝርያም መገለጽ ይኖርበታል፤ ዝርያዎች ለእነዚህ ኬሚካሎች ያላቸው ተጋላጭነት ይለያያልና።

የመጠን ስሌትም ችላ አይባልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ለአይጥ በኪሎ ግራም የተሰጠው መጠን በ12.3 ሲካፈል የሰው አቻው ይገኛል። በቀን በኪሎ ግራም 1,000 ሚሊ ግራም የወሰደ አይጥ፣ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 5 ግራም ይሆናል። በአገራችን የመድኃኒት ዕፅዋትን በአይጥ ላይ ለሚፈትሹ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ይህ ስሌት ገና በንድፍ ደረጃ መሠራት ያለበት ነው።

የሞዴሉ ወሰን

በሰው ላይ ከኮላይቲስ የሚነሣው ካንሰር የቲፒ53 ጂን ስሕተትን በማለዳው ያሳያል። የአይጦቹ ዕጢዎች ግን በብዛት የሚሸከሙት የቤታ ካቴኒን ስሕተት ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጩትም ከስንት አንዴ ነው። ስለሆነም ሞዴሉ የዕጢን አጀማመርና አስተዳደግ ለመመርመር ብቁ ቢሆንም፣ ስለ ተሰራጨ ካንሰር ሕክምና ምስክር ሊሆን አይችልም።

ማጠቃለያ

አንድን ዕጩ መድኃኒት በዚህ ሞዴል የሚፈትሽ ጥናት ቢያንስ አንድ ቡድን መድኃኒቱን ከመጨረሻው የብግነት ዙር በኋላ ብቻ እንዲወስድ ቢያደርግ፣ ከመርፌው በፊት ከጀመረው ቡድን ጋር በማነጻጸር መከላከልን ከሕክምና መለየት ይችላል። ይህ ተጨማሪ አይጦችን ይጠይቃል። ነገር ግን ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ካስተዋወቋቸው ሦስት መርሆች አንዱ የሆነው የእንስሳትን ቁጥር መቀነስ፣ ጥያቄውን ሊመልስ የማይችል ሙከራ ማካሄድ ማለት አይደለም። ትርጉም የሌለው ውጤት ለማግኘት የሞቱ ጥቂት አይጦች፣ ግልጽ መልስ ከሰጡ ብዙዎች ይልቅ የባከኑ ናቸው። እንዲህ ባለ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት የሚጠብቀው ሕመምተኛም የሚከፍለው ዋጋ ከዚህ አያንስም።