ጠዋት የሚወጋ ተረከዝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር እሠራለሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ተረከዜን ይወጋኛል። ኤክስሬይ ተነስቼ «አጥንት በቅሏል» ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በአጥንቱ ምክንያት ብቻ ኦፕራሲዮን አያስፈልግዎትም፤ ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎችም ይህ አጥንት አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ነው። ረጅም ሰዓት መቆም፣ ስስ ጫማ፣ የክብደት መጨመርና የባት መኮማተር ይጎዱታል። ሌሊት ያረፈው ጅማት ድንገት ሲወጠር የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ያሠቃያሉ።

ከአልጋ ሳይወርዱ የታመመውን እግር ሌላኛው ጉልበትዎ ላይ አድርገው ጣቶቹን በእጅዎ ወደ ላይ ይሳቡ። 10 ሰከንድ ይያዙ፤ 10 ጊዜ ይድገሙት፤ በቀን 3 ጊዜ። ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው፤ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋልና እባክዎ አያቋርጡት። ማታ ደግሞ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዘው፣ ካልሲ አድርገው ለ10 ደቂቃ በእግርዎ ያንከባልሉት። ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ሥራ ቦታም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎት ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ተረከዝ ላይ የሚወጋው መርፌ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል።

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻላቸዋል። እግርዎ ከደነዘዘ፣ አብጦ ትኩሳት ካለው፣ ተኝተውም ከታመሙ ወይም ስኳር ካለብዎት ግን ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ ካስፈለገ ለጥቁር አንበሳ ሪፈር ይጽፉልዎታል።