«ትንሽ ይነዝራል» ብሎ ማለፍ ይቅር!



ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቧንቧው ሳይዘጋ ይረሳል፣ ሌሊት ውሃው ይመጣል፣ ጠዋት ቤቱ በውሃ ተሞልቶ ይገኛል። ዲቫይደሩም እዚያው ወለሉ ላይ ነው! ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ከላይ ቤት ሻወር የሚያፈሰው ውሃ ሰርጎ በአምፖላችን በኩል ይንጠባጠባል።

🔴 ለምን ያሰጋል?

ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል፤ ሲረጥብ ግን ይህ መከላከያ በጣም ይቀንሳል። ከ30 ሚሊአምፒር በላይ ከረንት በልብ በኩል ካለፈ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ተራው ብሬከር ግን ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ከ10 ወይም ከ16 አምፒር በላይ ሲሆን ነው። የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ እኛ እንዳንነዘር አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው፣ ቧንቧው ወይም የሻወር ማሞቂያው ትንሽም ቢነዝራችሁ ማስጠንቀቂያው ደርሷችኋል ማለት ነው።

🔴 ምን እናድርግ?

✅ ውሃውን ከመርገጣችሁ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። እዚያ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ አትሞክሩ፤ ከቤት ወጥታችሁ ባለሙያ ጥሩ።
✅ መብራት ሄዶ ቢሆንም አጥፉት፤ እየወለወላችሁ ድንገት ሊመጣ ይችላል።
✅ ከዚያ ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ዝጉ።
✅ የረጠበ ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትጠቀሙ። ግራውንድ መስመሩን እንዲያይላችሁ፣ በ30 ሚሊአምፒር የሚያቋርጥ መከላከያም እንዲገጥምላችሁ ጠይቁት።

🔴 ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ

በእጃችሁ አትንኩት! መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አላቁት። ካልተነፈሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፤ እናንተ ደረቱን መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

«አሁን ደህና ነኝ» ቢልም ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ከተዛባ፣ ቃጠሎ ካለው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ ትታይ። ኤሌክትሪክ ከላይ ትንሽ ቁስል አሳይቶ ውስጥ ጡንቻንና ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ዛሬውኑ ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩ። ውሃውን ብዙ ጊዜ የምትወለውለው ሠራተኛችሁ ናትና እሷንም አትርሱ።

ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉት።