የአስታማሚ ደመወዝ ከማን ኪስ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬ፣ እንደ ገጠሩ ሁሉ፣ አረጋዊን የምትጦረው ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ደመወዝ የላትም። ልጆች ከተማ ገብተው አስታማሚ ሲቀጥሩ ግን ዋጋ ይመጣል። ዋጋውን የሚወስነው የሥራው ክብደት ሳይሆን የቀጣሪው ኪስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የግል አገልግሎት ቅጥርን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል።

ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ቢወሰንስ? ገንዘብ ካልተከተለው ቀጣሪ ይሸሻል። እንግሊዝ ለእንክብካቤ ሠራተኞች የደመወዝ ስምምነት በ2025 እ.ኤ.አ. 500 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቧን ያስታወቀችው ለዚህ ነው፤ ስምምነቱ በ2028 እንዲጀምር ታቅዷል። እዚያ ከአገልግሎቱ ብዙውን የሚገዛው የአካባቢ መስተዳድር ነውና፣ በጀት ሳይጨመር ደመወዝ አይጨምርም።

እኛ ዘንድ ገዢው ቤተሰብ ነው። የኮሶዬ ገበሬ ጡረታ የለውም፤ የአስታማሚዋ ደመወዝ የሚወጣው ጎንደር ላይ ከሚነግደው ልጁ ትርፍ ነው።