ከበር መቃን ወደ አቡጀዲ፦ የልጅን ዕድገት በትንሽ ወጪ መዝግቦ ማቆየት

የልጅን ቁመት በበር መቃን ላይ በእርሳስ መጫር ወጪ የለውም፤ መቃኑ ግን የአከራዩ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ በኪራይ የሚኖር ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ ምልክቱን ትቶት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ተከራይ ደግሞ ቀለም ይቀባበታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ቢደነግግም፣ ልጅ ቁመት ሲጨምር የሚቆየው እስከ 18 ዓመቱ ገደማ ነው። ስለዚህ ስለ ማስታወሻው ማማር ከማሰብ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ይህን በርካሽ የሚያሟላው ጨርቅ ነው፤ ከጨርቅም አቡጀዲ።

ሁለት ሜትር ርዝመትና አንድ ስንዝር ስፋት ይበቃል። ሌላው የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ መርፌና ሁለት ሦስት ዓይነት ክር ነው። ከሁሉ በፊት ጨርቁ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ይድረቅና ይተኮስ። አዲስ አቡጀዲ መጀመሪያ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ሳይታጠብ የተሰመረበት 100 ሴንቲ ሜትር ከአንድ እጥበት በኋላ 100 አይሆንም። ክሩም ይፈተን፦ እርጥብ አድርጎ በነጭ ጨርቅ ማሸት ነው፤ ቀለም ከለቀቀ ሌላ ይፈለግ። ከዚያ ዳር ዳሩ ይቀምቀምና ጠረጴዛ ላይ ሳይወጠር ተዘርግቶ፣ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ይሰመር፤ መስመሩም በክር ይሰፋ። በእስክርቢቶ መጻፍ ይቀላል፤ ግን ፀሐይና እጥበት ያደበዝዙታል።

ልኬቱ ራሱ በጨርቁ ላይ አይወሰድም፤ የተሰቀለ ጨርቅ ይለጠጣል። ልጁ ጫማውን ያውልቅ፣ ቁመት የሚጨምር ሹሩባ ካለ ይፈታ፤ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ግድግዳ አስነክቶ ፊት ለፊት ይመልከት። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንድ ጠርዙ ግድግዳውን እንደነካ አናቱ ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ነጥብ ይደረግና ከነጥቡ እስከ ወለሉ በሜትር ይለካ፤ የተገኘው ቁጥር ከዚያ በጨርቁ ላይ በትክክለኛው ቁመት ይጠለፍ። ሁልጊዜ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰው ከማታው ይልቅ ጠዋት በትንሹ ይረዝማል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ይለካል። ተኝቶ የተወሰደ ልክ ቆሞ ከሚወሰደው በ0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ፣ ከቁጥሩ ጎን «ተኝቶ» የሚል ይጠለፍ። አለበለዚያ ቤተሰቡ ልጁ በሁለተኛ ዓመቱ ያጠረ ይመስለዋል። ቁጥሩና ቀኑ ደግሞ የግድ ናቸው፤ ጨርቁ ቢለጠጥ እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት 25፣ በሁለተኛው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጨምር፣ እስከዚያ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ መለካት ይበቃል። ቀኑን በበዓል ማስታወስ የሚፈልግ መስቀል ወይም የቢሾፍቱ ኢሬቻ ያመቸዋል። ዒድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ በዒድ የሚለካ ቤተሰብ የሁለቱን ልኬቶች ርቀት ሲያነጻጽር ይህን ያስብ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር መመዝገብ ይገባል፦ ልጁ የጠጣው ውኃ። ወንጂን ጨምሮ በሸለቆው ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋል። ጥርስ የሚበልዘውም በዚህ ነው። ብልዘቱ የሚታየው ቋሚ የፊት ጥርስ ሲበቅል፣ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ግን ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ያኔ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቧንቧ ወይም ጉድጓድ እንደነበር ማን ያስታውሳል? በጨርቁ ጀርባ፣ በየልኬቱ ትይዩ፣ የሰፈሩና የውኃው ምንጭ ስም ቢጠለፍ ለጥርስ ሐኪም ጥያቄ መልስ ይሆናል።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ይባል ይሆናል። ፎቶ ፈገግታን ይይዛል፤ ቁመትን ግን አይናገርም፣ ስልኩም ይጠፋል፣ ይሰበራል። ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፦ ከታች በኩል ኪስ ሰፍቶ በዓመት አንድ የታተመ ፎቶ፣ የክትባት ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ማስገባት ነው (ዋናዎቹ ሌላ ቦታ ይቀመጡ)። ልጅ ሲለካ የሰው ዓይን ያርፍበታል ብለው የሚሰጉ አያቶችም አሉ። ስጋታቸው የሚመነጨው ከፍቅር ነውና አይናቅ፤ ጨርቅ ደግሞ ከመቃን በተለየ እንግዳ ሳያየው ይጠቀለላል። ጤና ጣቢያ ይመዝንልናል የሚሉም ትክክል ናቸው፤ አቡጀዲ የጤና ክትትልን አይተካም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ። በሁለት ተከታታይ ልኬቶች መካከል ጭማሪው ኢምንት ሆኖ ያገኘች እናት፣ ጨርቁን ይዛ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትሄድ ጥርጣሬዋን በቁጥር ታሳያለች።

ሲቀመጥ አይታጠፍ፤ እጥፋቱ ላይ ይሳሳል። በካርቶን ጥቅል ላይ ይጠቅለልና ከአቧራ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በቀን ከሚግለው የቆርቆሮ ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ለሁለተኛው ልጅ ሌላ አቡጀዲ ይገዛ። በአንድ ጨርቅ ላይ ሁለቱን መመዝገብ ታናሹን ሁልጊዜ ከታላቁ ጋር ያፎካክራል፤ እያንዳንዱም ትዳር ሲይዝ የራሱን ይዞ ሊወጣ አይችልም።