የእረኛው ቢላዋ፤ የራስን ሕይወት ስለ መጻፍ

ማንበብና መጻፍ ከተማሩ ጎልማሶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «ማንበቡስ ይሁን፤ ከልጆቻችን የሚመጣውን ደብዳቤ እናነባለን። ነገር ግን እኛ ገበሬዎች ምን የሚጻፍ ነገር አለን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን የአንድ የገበሬ ልጅ ታሪክ እናቀርባለን። ሰውየው ፈረንጅ ነው፤ አኗኗሩ ግን እንግዳ አይሆንባችሁም። ዓመተ ምሕረቱን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስሙ ሚሃይሎ ፑፒን ይባላል። የተወለደው ኢድቮር በምትባል የገጠር መንደር ነው። መንደሯ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በሰርቢያ ውስጥ ትገኛለች። የተወለደበትን ዓመት አንዱ ጽሑፍ 1854፣ ሌላው 1858 ይለዋል። እንግዲህ ከመካከላችሁ የተወለደበትን ዓመት በትክክል የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። ዓይናቸው ደኅና ቢያይም እንደ ዕውር እንደሚሰማቸው ለልጃቸው ይነግሩት ነበር። ልጃቸው ግን እንዲማር አጥብቀው ይሹ ነበር።

በበጋ ወራት የመንደሩ ልጆች ማታ ማታ በሬ ይጠብቃሉ። በአካባቢው ባለው የበቆሎ ማሳ ውስጥ ደግሞ የከብት ሌቦች ያደባሉ። ሌሊቱ ጨለማ ነው፤ ልጆቹ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት፤ መጣራት አይቻልም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? አንዱ ልጅ ረዥም የእንጨት እጀታ ያለውን ቢላዋ መሬት ውስጥ ጠለቅ አድርጎ ይተክልና እጀታውን ይመታዋል። ሌሎቹ ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ድምፁ ከየት በኩል፣ ከምን ያህል ርቀት እንደመጣ ይለያሉ። በጠንካራው የግጦሽ መሬት ድምፁ ርቆ ይሄዳል። በታረሰውና በላላው ማሳ ግን ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ በቆሎው ውስጥ ያደፈጠው ሌባ ምልክቱን አይሰማም! ትንሹ ፑፒን በዚህ ነገር ተገረመ። ድምፅ ምንድን ነው? አንዱ መሬት ለምን ያሳልፈዋል፣ ሌላው ለምን ይውጠዋል? ጥያቄውን ይዞ ወደ አስተማሪው ሄደ። እናንተም ቢላዋ ተክላችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ወጪ የለውም።

በኋላ ለትምህርት ፕራግ ወደሚባል ሩቅ ከተማ ተላከ። እዚያ ሳለ አባቱ ሞቱ። ልጁ ወደ ቤት ተመልሶ እናቱን ሊረዳ ፈለገ፤ እናቱ ግን ትምህርትህን አታቋርጥ አሉ። በእናቱ ትከሻ ላይ ሸክም መሆኑ ከበደው። መጻሕፍቱን፣ ሰዓቱን፣ የበግ ለምድ ካፖርቱን ሳይቀር ሸጦ ወደ አሜሪካ የሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ካፖርት ስለሌለው በባሕር ላይ ብርዱ ሲጠናበት፣ ከመርከቡ የጭስ ማውጫ ሥር ተጠግቶ ይሞቅ ነበር። በ1874 ኒውዮርክ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የነበረው 5 ሳንቲም ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረዥም ነው፤ እኛ ግን አሳጥረን እናልፈዋለን። በእርሻ ላይ በቅሎ ነዳ፤ በብስኩት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ትምህርት ተከታተለ። በ1879 ኮሎምቢያ ኮሌጅ ገባ፤ በ1883 ተመረቀ። በ1889 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ቆይቶም በኮሎምቢያ አስተማሪ ሆነ።

ሥራው ምን ነበር ብትሉ፣ ስልክ ነው። ድምፅ በስልክ ሽቦ ውስጥ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሽቦው በጣም ሲረዝም ድምፁ ይደክማል፤ ይደበላለቃል። ፑፒን በመስመሩ ላይ በስሌት በተለካ ርቀት ጥቅል ሽቦዎች ቢገቡ ድምፁ ብዙ ሳይደክም ርቆ እንደሚሄድ አሳየ። በ1900 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በእኛ ምሳሌ፣ የላላውን ማሳ እንደ ግጦሹ መሬት ማጠንከር ልንለው እንችላለን። እዚህ ላይ ግን እውነቱ መነገር አለበት፤ ጆርጅ ካምቤል የሚባል መሐንዲስም በዚያው ጊዜ ገደማ በራሱ መንገድ ለዚሁ ውጤት በቅቶ ነበር። የሕይወት ታሪክ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ አንባቢ የሌላውንም ምስክር ቢሰማ ደግ ነው።

ፑፒን የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሞ ያወጣው በ1923 ነው። በ1924 ፑሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ሽልማት ተሰጠው። ያን ጊዜ ሽማግሌና የታወቀ ምሁር ነበር። መጽሐፉን ግን በማዕረጉ አልጀመረም። በዚያች በ5 ሳንቲም ጀመረ። በሳንቲሟ በፕሪም ፍሬ የተሞላ ኬክ ገዝቶ ቢነክሰው፣ ውስጡ ጠጣር ዘር ብቻ ሆኖ እንዳገኘው ሳያፍር ጻፈ! ከዚያ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሳለ ምን ይዞ እንደመጣ ይቆጥራል። ይዞ የመጣው መንደሩን፣ በሬ ጥበቃውን፣ ቢላዋውን፣ የእናቱን ቃል ነው። ልብ በሉ፤ እኒያ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ዛሬ የሚታወቁት ልጃቸው ስለጻፈ ነው።

በየመንደራችሁስ? አባቱን በልጅነቱ ቀብሮ ከአጎቱ ብረት መቀጥቀጥ የተማረ አለ። ወላጆቿን አጥታ ሸማኔ ቤት ጥጥ ስትፈትል ያደገች አለች። የወፍጮ ቤቱን ሞተር ድምፁን ሰምቶ ብቻ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው አለ። ይህን ዕውቀት እንዴት እንዳገኙት ማን ጻፈው? ለሞተ ሰው ሙሾ ይወጣል፤ ዕድሩ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ሙሾውን የምታስታውሰው አልቃሽ ስትሞት ደግሞ ነገሩ አብሮ ይቀበራል።

ስትጽፉ «አባቴ ሞተ፤ በጣም አዘንኩ» ብላችሁ አትለፉት። ይህ ለማንም ሰው ይሆናል። «አባቴ የሞተ ዕለት ጥንዱ በሬ እንደተጠመደ ቆሞ ነበር፤ ቀንበሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ቁመቴ አልደርስ ብሎኝ ድንጋይ ላይ ቆምኩ» ቢባል ግን፣ ያ የእናንተው ነው፤ ማንም አይወስደውም። ዓመቱን ካላወቃችሁት አንበጣ የመጣበት ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የተሠራበት ዓመት ብላችሁ ጻፉ። የሚያሳምም ቦታ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ እንቢ ይል ይሆናል። መስመር ትታችሁ እለፉ፤ ሌላ ቀን ተመለሱበት። የፊደል ስሕተት አያስፈራችሁ፤ እሱ ይታረማል። ከጻፋችሁ በኋላ ነገሩን ለሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አንብቡላቸው። «እንዲህ አልነበረም» የሚሉት ነገር አይጠፋም፤ ያንንም ጨምሩበት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሙያችሁን ልትማሩ ወይም ኑሮ ልትፈልጉ መጀመሪያ ከወላጆቻችሁ ቤት የወጣችሁበትን ጧት አስቡ። በእጃችሁ ምን ይዛችሁ ነበር? በሩ ላይ ማን ቆሞ ነበር? ከዚያ ጀምሩ።